ጀርመን ለአንድ ዓመት በጎ ፈቃድ ልሄድ ነው፤ «የግል ግብሽን ጻፊ» ተብዬ ወረቀቱን ታቅፌ ተቀምጫለሁ

የቦርከና ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ።

23 ዓመቴ ነው፤ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። በ2016 ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ በሶሻል ወርክ ተመረቅሁ፤ የመውጫ ፈተናውንም በመጀመሪያው አለፍኩ። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁት ሥራ ታብሌት ይዞ ቤት ለቤት መጠይቅ መሙላት ብቻ ነው። እሱም ሃያ ቀን ይሠራና ሁለት ወር ድምፁ ይጠፋል። በመሀል ጀርመንኛ ተምሬ ኤ2 የሚባለውን ሁለተኛ ደረጃ አለፍኩ። አሁን ቤኤፍዲ በሚሉት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ካስል አጠገብ ባለች ትንሽ ከተማ፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች በሚኖሩበት ቤት ለ12 ወር ተቀብለውኛል። ቪዛዬ ወጥቷል፤ የምሄደው መስከረም 2018 መጀመሪያ ላይ ነው።

የሚልከን ድርጅት ለዝግጅት ስልጠናው «ሦስት የግል ግቦች ጽፋችሁ ኑ» አለን። ቁጭ ብዬ ጻፍኩ፦ የባህል ልውውጥ ማድረግ፣ የቋንቋ ችሎታዬን ማሳደግ፣ ለኅብረተሰቡ አስተዋጽኦ ማበርከት። መልሼ ሳነበው የማንም ሰው ወረቀት ሊሆን ይችላል። ለቃለ መጠይቅ የሚባል ነገር ነው፤ ማታ ተኝቼ የማስበው ሌላ ነው።

ማታ የማስበውን ልንገራችሁ። እናቴ ትንሽ ሱቅ አላት፤ እኔንም ያስተማረችኝ በሱቋ ነው። ወንድሜ 12ኛ ክፍልን ጨርሶ ውጤት እየጠበቀ ነው፤ ካልመጣለት በእኔ ገንዘብ የግል ኮሌጅ ይገባል ብላ ወስናለች። ለሰፈሩ ሰው ሁሉ «ልጄ ጀርመን ሥራ አገኘች» ብላለች። የኪስ ገንዘቤ በወር 350 ዩሮ ነው። ወደ ብር ስመታው እኔ ራሴ እደነግጣለሁ። ጎረቤቶቻችን ደግሞ «መቼም አትመለሺም» እያሉ ከአሁኑ ይሰናበቱኛል። ኒካህ ልናስር ቃል የተግባባን ልጅ አለ፤ እሱ እጠብቃለሁ ይላል፤ ቤተሰቦቹ ግን አንድ ዓመት ሦስት ዓመት ነው ይላሉ።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ለማንም ነግሬው አላውቅም። በልጅነቴ ከቤታችን ሦስተኛው ግቢ ውስጥ አንዲት ልጅ ነበረች። እናቷ ጓዳ ዘግታባት ነው የምትውለው፤ እኛ ልጆቹ የምናውቃት በድምፅዋ ነበር። ኳሳችን እዚያ ግቢ ሲገባብን ድምፅዋን ሰምተን እንሸሽ ነበር። ሶሻል ወርክ የመረጥኩት በሷ ምክንያት ነው። ይህንን «ግብ» ብሎ መጻፍ ይቻላል?

ሄዳችሁ የምታውቁ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ምን ብላችሁ ጻፋችሁ? ለቤተሰብስ ምን ብላችሁ ነገራችሁ?


ሸገር ተመልሻለሁ

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። እኔ በ2014 ሄጄ በ2015 የተመለስኩ ነኝ፤ ሥራውም ያንቺው ዓይነት ነበር፤ ዘጠኝ ሰዎች የሚኖሩበት ቤት። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ፤ ታገሺኝ።

እኔም ያችኑ ሦስት መስመር ጽፌያለሁ። ያስለቀሰኝ ያልጻፍኩት ነው። የኪስ ገንዘቤ 340 ዩሮ ነበር። መኖሪያ፣ ምግብና ኢንሹራንስ ተሸፍኖልኛል። ለአባቴ ግን «ይህ ደሞዝ አይደለም» ብዬ አልነገርኩትም፤ አፍሬ። ዲግሪ ይዛ በነፃ ልትሠራ ሄደች እንዳይባል ፈራሁ። ከሁለተኛው ወር ጀምሮ በየወሩ 200 ዩሮ መላክ ጀመርኩ። በቀረችኝ 140 ስልክ ከፈልኩበት፣ የክረምት ጫማ ገዛሁበት፣ በረዶው ላይ ሁለቴ ከወደቅሁ በኋላ። ከኤ2 ቀጥሎ ላለው ደረጃ፣ ለቢ1፣ ኮርስ መክፈል አልቻልኩም። አብረውኝ የሚያገለግሉት ልጆች ሃምቡርግ እንሂድ ሲሉ «አሞኛል» እያልኩ ቀረሁ። እውነቴን ነው የምልሽ፣ አንድ ክረምት ሙሉ ታምሜ ከረምኩ።

ዕድሜያችን ከ27 በታች ለሆነው በዓመቱ ውስጥ 25 የሴሚናር ቀን ግዴታ ነው፤ አንቺም ትሄጃለሽ። በመጀመሪያው ሴሚናር ለራሳችን ደብዳቤ ጽፈን አሽገን ነበር። በሰባተኛው ወር መለሱልን። ከፍቼ ሳነበው «መጋቢት ላይ ቢ1 እጨርሳለሁ» ይላል። መጋቢት አልፏል፤ እኔ ገና ኤ2 ላይ ነኝ፤ ከነዋሪዎቹ ጋር የማወራው «ብላ፣ ጠጣ፣ ጫማህን አድርግ» ብቻ ነው። ሰው ፊት አለቀስኩ።

እሑድ አባቴ ጋ ደወልኩ። ሰባት ወር ያላልኩትን በአስር ደቂቃ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ልጄ፣ እኔኮ ተርፎሽ መስሎኝ ነው» አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። ያንን ቃል እስከ ዛሬ ሳስበው ሆዴ ይላወሳል። እሱ እየተቀበለ የነበረው ትርፌን ነው፤ እኔ እየላክሁ የነበረው ዓመቴን ነው። ከዚያ በኋላ ለአዲስ ዓመትና ለፋሲካ ብቻ ለመላክ ተስማማን፤ ኮርሱን ከፈልኩ፤ ቢ1ን በአስራ አንደኛው ወር አለፍኩ።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት እናትሽን አስቀምጠሽ ንገሪያት። ቁጥሩን ንገሪያት፦ 350። ምን እንደሚሸፈንልሽ፣ ምን እንደማይሸፈንልሽ። ወደ ብር አትምቺው። በ2016 ሐምሌ ብሩ በገበያ ዋጋ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ቁጥሩ ይበልጥ ያስጎመጃል፤ አንቺ ግን ዳቦ የምትገዢው በዩሮ ነው። መላክ ከፈለግሽም መጠኑንና ወሩን አሁን ተስማሙ። ወንድሙን መርዳት የሚፈልግ ሰው ላይ የሚፈርድ የለም። አውሮፕላን ላይ ከመውጣትሽ በፊት ያልተነጋገራችሁበት ነገር ግን እዚያ ስትደርሺ ዕዳ ሆኖ ይጠብቅሻል።

አሁን ወደዚያች ልጅ። እህቴ፣ እኔ ያንቺን ጽሑፍ ሳነብ እሷ ላይ ስደርስ ቆሜ ነው ያነበብኩት። ጻፊያት እንጂ! መጀመሪያ ላይ ጻፊያት። ይህ አገር እኮ ብዙ ልጅ ጓዳ ውስጥ ነው ያሳደገው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸውን ይዘው መውጫ ሲያጡ ነው በ1994 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የከፈቱት።

ብቻ እሷን በዓይን ወደሚታይ ነገር ቀይሪያት። የተዘጋውን በር ማን፣ በምን፣ እንዴት ይከፍተዋል? እዚያ ያለው መልስ ትልልቅ ንግግር ውስጥ አይደለም፤ በጣም ትንንሽ ነገር ውስጥ ነው። መናገር የማይችል ሰው ቀኑን እንዴት ያውቃል? ግድግዳ ላይ በተሰካ ሥዕል፦ ቁርስ፣ አውቶቡስ፣ ሥራ፣ መታጠቢያ። ያለቀውን ሥዕል ራሱ ያወርደዋል። አንድን ትልቅ ሰው ክብሩን ሳትነኪ እንዴት ታጥቢዋለሽ? ፎጣው የት ይቀመጣል፣ በሩን ማን ያንኳኳል፣ ውሃውን መጀመሪያ እጁ ላይ አድርገሽ እሺ እስኪል ትጠብቂያለሽ። ፈረቃ ስትቀያየሩ ምን ብላችሁ ትጽፋላችሁ? እኔ ከሰባተኛው ወር በኋላ ማታ ማታ ሦስት መስመር በአማርኛ መጻፍ ጀመርኩ። ስመለስ ሁለት ደብተር ሞልቶ ነበር፤ ከመጀመሪያው ቀን ብጀምር አራት ይሆን ነበር። ዛሬ አዲስ አበባ ከልጆች ጋር ነው የምሠራው። ሥዕሎቹን ራሴ ፎቶ እያነሳሁ ነው የማዘጋጀው፤ ጀበና፣ ነጠላ ጫማ፣ ሰማያዊ ታክሲ። የጀርመኑ ትራም ሥዕል ለልጆቻችን ምንም አይነግራቸውም።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሆድሽ ይባባል። ጠዋት ስትወጪ ጨለማ፣ ስትመለሺ ጨለማ፤ እሑድ ሱቅ ሁሉ ዝግ። እኔ ጾም ሲሆን ማእድ ቤቱ ላይ «ቪጋን ነኝ» ብዬ ነው የተገላገልኩት። ያንቺ ረመዳን በ2018 የካቲት ላይ ስለሚገባ ቀኑ ብዙ አይረዝምም፤ ግን ለኃላፊሽ አስቀድመሽ ንገሪ፣ ፈረቃሽን ያስተካክሉልሻል። ካልነገርሻቸው አያውቁም።


የሌሊት ፈረቃ

ሰላም እህቴ። እኔ ያልተመለስኩት ነኝ። በቤኤፍዲ መጣሁ፤ አሁን አውስቢልዱንግ፣ የነርስነት የሙያ ስልጠና፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነኝ። ከላይ ያለችው እህታችን የተናገረችው ሁሉ ልክ ነው። እኔ የማወራው ጎረቤቶችሽ «አትመለሺም» ስለሚሉት ነው።

መቅረትም መመለስም ነውር የለበትም። ነውሩ ሳይወስኑ መቆየት ነው። አብሮኝ የመጣ ልጅ ነበር፤ አስራ አንድ ወር ሙሉ «እናያለን» ሲል ከረመ። የመኖሪያ ፈቃዱ ሊያልቅ አራት ሳምንት ሲቀረው ነው ትምህርት ቤት መፈለግ የጀመረው። ስልጠናው በአብዛኛው ነሐሴና መስከረም፣ አንዳንዱም ሚያዝያ ላይ ነው የሚጀምረው፤ ማመልከቻው ከዚያ ከብዙ ወር በፊት ነው። የሥልጠና ውል ተፈርሞ፣ የውጭ ዜጎች ቢሮ ገብቶ፣ አዲስ ፈቃድ እስኪወጣ ጊዜ ይበላል። የልጁን መጨረሻ እዚህ አልጽፈውም። ስለዚህ ወረቀትሽ ላይ አንድ ቀን አስቀምጪ፦ ጥር መጨረሻ። እስከዚያ ቀን አትወስኚ፤ ሥራውን ቅመሺው። ያን ቀን ግን ወስኚ፤ ለዚያ ለሚጠብቅሽ ልጅም የዚያኑ ዕለት ንገሪው። ለነርስነት ቢያንስ ቢ1፣ ብዙ ቦታ ደግሞ ቢ2 ይጠይቁሻል። በኤ2 የሚሆን ነገር የለም።

ሁለተኛ፣ ሰነድ። እኔ ቴምፖ፣ ጊዜያዊውን ዲግሪ፣ ብቻ ይዤ ነው የመጣሁት። የወጪ መጋራቱን ስላልከፈልኩ ዋናው ዲግሪ አልተሰጠኝም ነበር። እዚህ ሆኜ ያንን ለማስጨረስ ወንድሜ ሥራ እየተወ ተመላለሰልኝ፤ ውክልና እንኳ አልተውኩለትም። አራት ወር ፈጀ። አንቺ ዋናውን ዲግሪና ትራንስክሪፕት አውጪ፣ እስከ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ድረስ አረጋግጪ፣ ለምታምኚው ሰው ውክልና ስጪ። ብትመለሺም ማስተርስ ስታመለክቺ ያስፈልግሻል።

ሦስተኛው የሥራ ቦታውን ይመለከታል። ቤኤፍዲ የተጀመረው በፈረንጆቹ 2011 የግዴታ ውትድርናው ሲቆም ነው። በውትድርና ፋንታ በየሆስፒታሉና በየእንክብካቤ ቤቱ የሚያገለግሉት ወጣቶች አብረው ቀሩ፤ ክፍተቱን ለመሙላት መጣ። ሕጉ ግን በጎ ፈቃደኛ የተቀጣሪን ቦታ እንዲተካ አይፈቅድም። እኔ ይህን ሳላውቅ ሰው ጎደለ ሲባል ብቻዬን ቅዳሜ ማታ ስምንት ሰው ይዤ ቀርቻለሁ። አንዱ ሲጥለው ማንን እንደምጠራ አላውቅም ነበር፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው ስልክ ያነሳሁት። ብቻሽን ሲተዉሽ «አይሆንም» በዪ፤ ካልሰሙሽ የሴሚናር አስተባባሪሽን አነጋግሪ። እምቢ የምትይበትን ነገር ማወቅም ግብ ነው፤ ጻፊው።

ስትጨርሺ ደግሞ የሥራ ምስክር ወረቀት ይገባሻል፤ ዝርዝሩን አስጽፊው። «አንድ ዓመት አገልግላለች» የምትል አንድ መስመር እንዳይሰጡሽ።


ጦሳ ሥር

ልጄ፣ ጽሑፍሽን ልጄ ናት ያሳየችኝ። እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ የደሴ ሰው። ስለ ጀርመን የማውቀው የለም። ስለ መምጣትና ስለ መሄድ ግን ሁለት ነገር አይቻለሁ።

የሰላም ጓድ አስተማሪዎች ከአሜሪካ መጥተው በአገራችን ማስተማር የጀመሩት በ1955 ነው። እኔ በ1960 ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ከነሱ አንዱ እንግሊዝኛ ያስተምረን ነበር። አማርኛው የተሰባበረ፣ ዕድሜው ካንቺ ብዙ የማይርቅ ልጅ ነው። የመጀመሪያው ቀን ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚሄድበትን ቀን ጻፈልን። ሁለት ዓመት። ገና ሳንለምደው! እኛም ገረመን። ከዚያ ከመካከላችን ሁለት ልጆች መርጦ መጻሕፍቱን እንዴት እንደሚመዘግቡ፣ እንዴት እንደሚያውሱ ያሳያቸው ጀመር። ሲሄድ አለቀስን፤ መጻሕፍቱ ግን በማግስቱም ይወጡና ይገቡ ነበር።

ሁለተኛው የራሴ ነው። በ1967 የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። ከተማሪውም ከመምህሩም ስልሳ ሺህ ያህል ሰው ነው የዘመተው። እኔ ጋሙ ጎፋ ደረሰኝ። ግብህ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። ማታ ማታ ፊደል የማስቆጥራቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ከእርሻ መጥተው፣ እግራቸውን ታጥበው፣ ኩራዝ አጠገብ ይቀመጣሉ። ከ«ሀ» ጀምረን «ቀ» ላይ ደረስን። ያኔ ነገሩ ሁሉ ተበላሸና እኔም እንደ ብዙው ዘማች አንድ ሌሊት ተነስቼ ወጣሁ። አልተሰናበትኳቸውም። በማግስቱ መጥተው ኩራዙ አጠገብ ተቀምጠው ይሆናል። ሃምሳ ዓመት ሆነው፤ ፊደል ገበታ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ «ቀ» ላይ ነው የሚያርፈው።

ልጄ፣ እዚያ ቤት የሚኖሩት ሰዎች ይወዱሻል። የምትሄጂበትን ቀን ከመጀመሪያው ንገሪያቸው፤ በዚያ ሥዕል በተባለው ዘዴም ቢሆን። አንድ ነገር ስትጀምሪ ያንን ነገር ካንቺ በኋላ ማን ይይዘዋል ብለሽ ጠይቂ። ስለ ወንድምሽና ስለ ኒካሁ ግን እናትሽ ከሁላችንም ታውቃለችና እሷን አማክሪ።


የቦርከና ልጅ

ጋሼ፣ የጻፉልኝን ሦስቴ አነበብኩት። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። ሸገር ተመልሻለሁ፣ የሌሊት ፈረቃ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ትናንት ማታ ሱቁን ዘግተን ከእናቴ ጋር ተቀመጥን። ቁጥሩን ነገርኳት፤ ደሞዝ እንዳልሆነም። ፊቷ ሲለወጥ አየሁት፤ አልዋሽም፣ ልቤ ተሰበረ። ቆይታ «ታዲያ ማን ያልብስሽ? ማን ያብላሽ?» አለችኝ። እንደሚያበሉኝ፣ እንደሚያሳክሙኝ ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ለሰዉ ደሞዝ ነው ያልኩት እኔ ነኝ፤ እኔው አስተካክለዋለሁ። አላህ ያግዝሽ» አለች። ወንድሜ ውጤቱ ካልመጣለት አንድ ዓመት ሱቁ ላይ አብሯት እንዲሠራ፣ እኔ ስመለስ እንድንነጋገር ተስማማን። እኔ ለሁለቱ ኢዶች ብቻ እልካለሁ። ለዚያኛው ልጅም ጥር መጨረሻ እስኪደርስ ምንም ቃል እንዳልሰጥ ነገርኩት። አልወደደውም፤ ግን እሺ ብሏል።

ወረቀቱን ቀድጄ አዲስ ጻፍኩ። ቢ1 እስከ መጋቢት። ጥር መጨረሻ ውሳኔ። ማታ ማታ ሦስት መስመር። ብቻዬን ፈረቃ አልይዝም። የምሄድበትን ቀን የመጀመሪያው ሳምንት ላይ እነግራቸዋለሁ። ሦስት ብለው ነበር የጠየቁን፤ አምስት ሆነብኝ፤ ልስጣቸው።

ዋናውን ዲግሪ ለማውጣት ሰኞ ጎንደር እሄዳለሁ።

ዛሬ ከሰዓት ደግሞ ሦስተኛው ግቢ ሄድኩ። ስንት ዓመት በዚያ በር አልፌያለሁ፣ አንኳኩቼ አላውቅም። እናቷ አርጅተዋል። የማን ልጅ እንደሆንኩ ነገርኳቸው፤ ምን ልማር እንደምሄድም። ቆም ብለው አዩኝና በሩን ለቀቁልኝ። እሷ አሁን ከእኔ ትበልጣለች፤ ሰሌን ላይ ተቀምጣ የሻሿን ጫፍ እየጠቀለለች ትፈታለች። ስሟን ዛሬ ነው የሰማሁት። ግማሽ ሰዓት ያህል አጠገቧ ተቀመጥኩ። ምንም አላደረግኩም፤ ምን እንደሚደረግ አላውቅምና። ልወጣ ስል የሻሿን ጫፍ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። እናቷ «ማንም እንዲነካው አትፈቅድም ነበር» አሉ።

ከጎንደር ስመለስ፣ ረቡዕ፣ እንደምመጣ ነግሬያቸዋለሁ።